ሰማያዊው መስመር የት ያበቃል?

በእስራኤል አንድ ሰፈር ይታደስ፣ መንገድ ይውጣ፣ ሕንፃ ይሠራ ሲባል በሚዘጋጀው ፕላን ላይ ወፈር ያለ ሰማያዊ መስመር ይሰመራል። በዕብራይስጥ «ካቭ ካሆል» ይሉታል። ፕላኑ የሚናገረው በዚህ መስመር ውስጥ ስላለው መሬት ብቻ ነው። ውስጡ በቀለም የተሞላ ነው፤ አረንጓዴው ለሕዝብ ክፍት የሚሆን ቦታ፣ ቀዩ ወደፊት የሚወጣ መንገድ፣ ዙሪያውን በቢጫ የተሰመረበት ደግሞ እንዲፈርስ የታሰበ ቤት ነው። ቤርሼቫ ውስጥ ሽኩና ሄ በሚባለው ሰፈር የሚኖር ሰው የራሱን ሕንፃ በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ቢፈልግ የሚያገኘው ከባቄላ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ሣጥን ነው። ሣጥኗን ቢጫ ከዞራት ግን አሮጊት እናት ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሚኖሩ፣ ልጆች በየትኛው መንገድ ተሻግረው ትምህርት ቤት እንደሚሄዱ፣ ቤተሰቡ በወር ለጋራ ወጪ ስንት እንደሚያዋጣ ሁሉ በዚያች ቀለም ተወስኗል። ቀለሞቹን ማንበብ መቻል ትልቅ ነገር ነው። እኔን ከቀለሞቹ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን መስመሩ ነው። መሬት ተለክቶ ይከለላል። ዝናብ ግን ክልሉን አያውቅም፤ መኪናም እንደዚያው፤ ከቤት የወጣ ፍሳሽም እንደዚያው።

በዚህ ምዕራፍ የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው። የአካባቢ መስተዳድሮች መሬት ለምን ይዋል፣ መንገድ በየት ይውጣ፣ ውሃ እንዴት ይጠበቅ የሚሉትን ጥያቄዎች ለሦስት ጠረጴዛ አከፋፍለው ይመልሷቸዋል። ጥያቄዎቹ ግን በተግባር አንድ ናቸው፤ የሚመለሱትም መሬቱ ቀለም በተቀባበት ዕለት ነው። መንገዱና ውሃው ከዚያ በኋላ የሚመጡ ዝርዝሮች እየመሰሉን እንዘናጋለን። ጉዳቱ ሲመጣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው ከመስመሩ ውጭ ባለ ሰው ላይ ነው። ውሳኔው ሲሰጥ ያልተጠራው፣ ስሙም በወረቀቱ ላይ የሌለው እሱ ነው። ስለዚህ አንድን ፕላን ስንመዝን መጀመሪያ ልንጠይቅ የሚገባን በመስመሩ ውስጥ ምን ይሠራል ብለን ብቻ ሳይሆን መስመሩን አልፎ ምን ይወጣል፣ ምንስ ይገባል ብለን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ ክርክር ከቤርሼቫ የተሻለ ቦታ አይገኝም። የከተማዋ ስም ራሱ የውሃ ክርክር መዝገብ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት እንደምናነበው አብርሃምና አቤሜሌክ በጉድጓድ ተጣሉ፤ አብርሃም ጉድጓዱን የቆፈረው እርሱ ለመሆኑ ሰባት በጎች ምስክር አድርጎ ሰጠ፤ ተማማሉም። ልጁ ይስሐቅ ደግሞ አባቱ የቆፈራቸው ጉድጓዶች በአፈር ተደፍነው አገኛቸው፤ አዲስ በቆፈረ ቁጥር የአገሩ እረኞች እየተጣሉት ከአንዱ ወደ አንዱ ተሰደደ። ልብ ብሎ ላነበበው ታሪኩ የውሃ ብቻ አይደለም። ማን የት ያሰማራል፣ ማን በየት ያልፋል የሚል የመሬትና የመንገድ ክርክርም ነው። አሁን ያለችውን ከተማ የጀመሩት ግን ኦቶማኖች ናቸው። በ1900 ከአልዓዛዝማ ጎሣ መሬት ገዝተው ጎዳናዎቿን ቀጥ ባሉ መስመሮች ቀየሱ። የቀየሷት ከተማ ዛሬም «አሮጌው ከተማ» ተብላ አለች፤ ቤቱ ቢፈርስም ቅያሱ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። ይህን ማስታወስ ይጠቅማል። ሕንፃ ሃምሳና ስድሳ ዓመት ኖሮ ይፈርሳል፤ መንገድ አንዴ ከተሰመረ ግን ሥርዓት ሲለወጥ፣ ባንዲራ ሲቀየር እንኳ ቦታውን አይለቅም።

እስራኤል ከተመሠረተች በኋላ የ1950ዎቹ ቀያሾች አዲሶቹን ሰፈሮች ከአሮጌው ከተማ በስተሰሜን በፊደል ቅደም ተከተል እየሰየሙ ዘረጉ፤ አሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል፣ ዳሌት። የተከተሉት ሐሳብ ከእንግሊዝ የመጣው የአትክልት ከተማ ነበር፤ ቤቶቹ ተራርቀው፣ በመሃል ሰፊ መስክ፣ መስኩ ላይ ሣርና ዛፍ። ሐሳቡ ለለንደን ዝናብ የታሰበ ነው። ቤርሼቫ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ወደ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከዚህ ላይ አፈሩ አለ። የቤርሼቫ አፈር «ሎስ» የሚባል፣ ነፋስ ከሩቅ አምጥቶ የደለደለው እንደ ዱቄት የላመ አፈር ነው። በጋ ላይ እግር ሲረግጠው ይቦናል። ክረምት ላይ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ጠንካራ ጠብታዎች ሲመቱት ደቃቁ ቅንጣት ቀዳዳዎቹን ይደፍንና ፊቱ እንደ ሸክላ ምጣድ ይጠጥራል፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደው ዝናብ ወደ ታች አይሰርግም፤ ይንሸራተታል። ዓመቱን ሙሉ ውሃ በተጠማ አገር በአንድ ከሰዓት ጎርፍ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። በቤቶቹ መሃል ለሣር የተተወው መስክ ሣር የሚያበቅል ውሃ ስላጣ አቧራ ሆነ። ቤት ከቤት ስለራቀ ደግሞ መንገዱም ቧንቧውም ረዘመ። ሰው ወደ ሱቅ በፀሐይና በአቧራ መሃል የሚሄድበት ሰፈር ተሠራ። ለመሬቱ አጠቃቀም የተሰጠው ውሳኔ የውሃና የመንገድ ውሳኔም ነበር፤ ያን ጊዜ ግን እንደዚያ ተደርጎ አልታየም።

ሽኩና ሄ በዚህ ታሪክ ውስጥ የተለየ ቦታ ያላት ለዚህ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ስህተቱን ለማረም «የአብነት ሰፈር» የተባለውን እዚህ ሠራ። አርክቴክቶቹ አቭራሃም ያስኪና አምኖን አሌክሳንድሮኒ 250 ሜትር ያህል የሚረዝም አንድ ሕንፃ አቆሙ፤ «ሩብ ኪሎ ሜትር» የሚባለው እሱ ነው። ናሁም ዞሎቶቭና ዳንኤል ሃቭኪን ደግሞ ዝቅ ያሉ፣ ግቢያቸው ወደ ውስጥ የዞረ፣ አንዱ ከሌላው የተጣበቁ ቤቶችን ነደፉ። ከላይ ሲታዩ የተነጠፈ ምንጣፍ ስለሚመስሉ «ምንጣፍ» ተባሉ። በምንጣፉ ውስጥ ያለው መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ ግድግዳ ለግድግዳ ጥላ ያደርጋል፤ መኪና ከዳር ይቀራል፤ የሚያልፈው እግረኛ ነው። ግቢው ትንሽ ስለሆነ በትንሽ ውሃ ይለማል። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር የተወለደ ሰው ይህን ሲያይ በሁለት አጥር መሃል የሚያልፍ የቀጠነ መንገድ፣ የግቢ ጥላ፣ የጎረቤት ድምፅ ትዝ ሊለው ይችላል። እኔ ግን ሰፈሩን የማነሣው ለውበቱ አይደለም። እዚህ መሬት፣ መንገድና ውሃ በአንድ እጅ ስለተነደፉ ነው። ጥላው ከመተላለፊያው ስፋት ይመጣል፤ የመተላለፊያው ስፋት መኪናው ዳር ላይ ከመቅረቱ፤ የውሃው ቁጠባ ከግቢው ማነስ። አንዱን ብትነካ ሌሎቹ ይናጋሉ። መኪና ለሌለው ነዋሪ ታስቦ የተሠራ ሰፈር ሁሉ፣ ቤተሰብ መኪና ሲይዝ መጨነቁ አልቀረም፤ ይህም የመንገድ ውሳኔ ስንት ዘመን እንደሚዘልቅ ያሳያል።

ከሰፈሩ ወጥተን ወደ ከተማዋ ደቡብ ጠርዝ እንሂድ። የቤርሼቫ ወንዝ፣ «ናሃል ቤርሼቫ»፣ በዚያ ያልፋል። ወንዝ ማለት ካለብን ነው፤ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ሸለቆ ሆኖ ክረምት ላይ በጎርፍ የሚሞላ ነው። ከተማዋ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ጀርባዋን ሰጥታው ኖረች። የሕንፃ ፍርስራሽና ቆሻሻ ይደፋበት ነበር፤ ፍሳሽም ይወርድበት ነበር። ከሁሉ የከበደው ግን ከተማዋ ውስጥ የተደፋው ብቻ አልነበረም። ሸለቆው የሚመገበው በዌስት ባንክ ካሉት ከኬብሮን ተራሮች ነው፤ ከኬብሮን ከተማና ከኪርያት አርባ የሚወጣ ፍሳሽ፣ ከኬብሮን የድንጋይ መቁረጫዎች የሚወጣ ነጭ ዝቃጭ ጭምር፣ በናሃል ኬብሮን አድርጎ ወደ ቤርሼቫ ይወርዳል። ከቤርሼቫ ወዲያ ደግሞ ውሃው ከቤሶር ወንዝ ጋር ተቀላቅሎ በጋዛ በኩል ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ይሄዳል። አንድ ውሃ፣ ሁለት ጊዜ የፖለቲካ ድንበር ተሻግሮ፣ በሦስት አካባቢ ያለ ሕዝብ ይነካል። በእስራኤል በኩል የሸለቆው ጉዳይ የሺክማ ቤሶር የማፋሰሻና የወንዞች ባለሥልጣን፣ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር፣ የውሃ ባለሥልጣንና የማዘጋጃ ቤቱ ነው። እያንዳንዱ የራሱ መስመር አለው። በሾኬት መጋጠሚያ አቅራቢያ ከላይ የሚመጣውን ፍሳሽ የሚይዝ ማጣሪያ ተሠርቷል፤ የድንጋይ ዝቃጩ ግን ማጣሪያ የሚያንቅ ነገር ነው። ከሥር የሚተከል ማጣሪያ ከላይ ለተሰጠ የመሬት ውሳኔ ምትክ መሆን ያቅተዋል፤ መቁረጫውን ሲያቋቁሙ ዝቃጩ የት ይሄዳል ብሎ የጠየቀ ቢኖር ኖሮ ጥያቄው ከሥር አይነሣም ነበር።

ከ2000ዎቹ ወዲህ ከተማዋ ፊቷን ወደ ሸለቆው አዙራለች። ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ከ5,000 ዱናም በላይ የሚሸፍን መናፈሻ ኬሬን ካዬሜት ከሚባለው የአይሁድ ብሔራዊ ፈንድ ጋር ሆና እያለማች ነው፤ ተጣርቶ በተመለሰ ፍሳሽ ውሃ የሚሞላ ሐይቅም አለው። ይህን ማድነቅ ተገቢ ነው። እስራኤል ከፍሳሽ ውሃዋ እጅግ የሚበዛውን አጥርታ መልሳ ትጠቀማለች፤ በዚህ የሚስተካከላት አገር የለም። ቆሻሻ መጣያ የነበረ መሬት በካርታ ላይ አረንጓዴ መሆኑ በራሱ የውሃ ጥራት ውሳኔ ነው፤ ሰው የሚንሸራሸርበት ቦታ ላይ ማንም በጠራራ ፀሐይ ፍርስራሽ አይደፋም። ነገር ግን መናፈሻው የተቀባው ከሥር ነው። ከላይ ያሉት ሰፈሮች አስፋልታቸው በጨመረ ቁጥር፣ ሎስ እንኳ ይጠጣው የነበረው ትንሽ ውሃ ሁሉ ዘይትና የጎማ ብናኝ ይዞ ወደዚያው ይወርዳል።

መስመሩን አልፎ ስለሚሄድ ነገር ስናወራ ከቤርሼቫ በስተደቡብ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ያለውን ራማት ሆቫቭን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም፤ ዛሬ ኔኦት ሆቫቭ ይባላል። በ1970ዎቹ የኬሚካል ፋብሪካዎችና የአገሪቱ የአደገኛ ቆሻሻ ማስወገጃ እዚያ እንዲሰፍሩ ተወሰነ። ከውሳኔው ምክንያቶች አንዱ የቦታው ነጭ ድንጋይ ፍሳሽ አያሳልፍም፣ ጉዳት ቢደርስ እንኳ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ አይሰርግም የሚል እምነት ነበር። ድንጋዩ ግን በውስጡ የተሰነጣጠቀ ሆኖ ተገኘ። ኋላ በተደረገ ጥናት በፋብሪካዎቹና በማትነኛ ኩሬዎቹ ሥር ያለው የከርሰ ምድር ውሃ መበከሉ ታወቀ። በነፋሱ አቅጣጫ ሽታው ቤርሼቫ ድረስ የሚመጣባቸው ቀናትም ነበሩ። አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲል እፈልጋለሁ። አካባቢው የሚተዳደረው በኢንዱስትሪ ምክር ቤት ነው፤ ምክር ቤቱ ነዋሪ የለውም። ነዋሪ ከሌለ መራጭ የለም። ሽታው የሚሸተው የቤርሼቫ ሰውም፣ ከፋብሪካዎቹ ጎን በዋዲ አልናዓም የሚኖረው ቤዱዊንም ለዚያ ምክር ቤት ድምፅ አይሰጥም። ውሳኔው የተሰጠበት መስመርና ጉዳቱ የደረሰበት መስመር እንዴት እንደሚለያዩ ከዚህ በላይ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። በኋላ ፋብሪካዎቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ፍሳሽ እንዲያክሙ ተገደዱ፤ የጋራ ኩሬዎቹም መድረቅ ጀመሩ። የተሰነጠቀውን ድንጋይ ግን መልሶ የሚገጥመው የለም።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል፤ ብርቱም ነው። «እንዲህ ያለው ነገር የባለሙያ ሥራ ነው፤ ተራ ነዋሪ ስለ ድንጋይ ስንጥቅና ስለ ፍሳሽ ኬሚስትሪ ምን ያውቃል? ሕዝብ ሲጠራ ጩኸት እንጂ እውቀት አይመጣም» ይላል። ባለሙያ አያስፈልግም የሚል ሰው ካለ እኔ ከእሱ ጋር አይደለሁም። ግን በራማት ሆቫቭ ስለ ድንጋዩ የተሳሳተው ነዋሪው አልነበረም። ባለሙያው ትክክል የሆነበትን ጊዜ ደግሞ ከካናዳ እንውሰድ። በኦንታሪዮ ዎከርተን የምትባል ወደ 4,800 ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ በ1978 አምስተኛ ጉድጓዷን ስታስቆፍር፣ ጉድጓዱ ጥልቀት የሌለው ስለሆነና አጠገቡ የእርሻ መሬት ስላለ በዙሪያው ያለውን መሬት ገዝታ እንድትከልል ባለሙያው መክሮ ነበር። አልገዛችም። በግንቦት 2000 ከባድ ዝናብ ዘነበ፤ ከአጠገቡ ካለው እርሻ የከብት ፍግ ወደ ጉድጓዱ ታጠበ። ሰባት ሰዎች ሞቱ፤ ከ2,300 በላይ ታመሙ። የውሃ ሥራው ሠራተኞች ክሎሪኑን በአግባቡ አለመጨመራቸውና መዝገቡን ማጭበርበራቸው በምርመራ ተረጋግጧል። ገበሬው ግን ተገቢውን አሠራር ተከትሎ ነበር፤ ጥፋት አልተገኘበትም። እኔን የሚያስደነግጠኝ ይኼ ነው። የመሬት ውሳኔው ከተዛነፈ ማንም ክፉ ሳይሆን ሰው ይሞታል። እውቀቱ በመሳቢያ ውስጥ ለሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ነበር። ያ ምክር በከተማው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ እናቶች አንብበውት ቢሆን ኖሮ በየዓመቱ ምክር ቤቱን የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም ነበር። ሕዝብ የሚጠራው በባለሙያው ፋንታ እንዲያውቅ አይደለም፤ ባለሙያው የተናገረው ተረስቶ እንዳይቀር ነው።

ከመስመሩ ውጭ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ቤርሼቫ ባለችበት በኔጌብ በረሃ የሚያውቅ ሌላ ሕዝብም አለ። የ1965ቱ የፕላንና የሕንፃ ሕግ ካርታ ሲወጣ በዚያ ምድር ይኖሩ የነበሩ ብዙ የቤዱዊን መንደሮች በካርታው ላይ አልተመለከቱም፤ መሬቱ የእርሻ መሬት ተባለ። ቀለም ከሌለ ፕላን የለም፣ ፕላን ከሌለ የግንባታ ፈቃድ የለም፣ በ1981 በሕጉ ላይ በተጨመረው አንቀጽ መሠረት ደግሞ ፈቃድ የሌለው ቤት ከውሃና ከመብራት መስመር ጋር አይገናኝም። የተጠረገ መንገድም አይደርሰውም። ነዋሪዎቹ ከሩቅ መጋጠሚያ በመሬት ላይ በተዘረጋ የፕላስቲክ ቱቦ ወይም በቦቴ ውሃ ያመጣሉ፤ ውሃው በበረሃ ፀሐይ በቱቦው ውስጥ ይግላል። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2011 ውሃ የማግኘት መብት የሰብአዊ ክብር አካል መሆኑን ዳኞቹ ተቀበሉ፤ ነገር ግን መብቱ ቤት ድረስ የሚመጣ ቧንቧ ማለት አይደለም፣ በአቅራቢያ ያለ የጋራ መቅጃ ሊበቃ ይችላል አሉ። መንግሥት የራሱ ክርክር አለው፤ ተበታትኖ ለሰፈረ ቤት ሁሉ መስመር መዘርጋት ሕግ የጣሰውን መሸለም ነው ይላል። ክርክሩን እረዳዋለሁ። የሚያስጨንቀኝ ግን አንድ ሕፃን የሚጠጣው ውሃ ጥራት እሱ ከመወለዱ በፊት በተቀባ፣ ወይም ሳይቀባ በቀረ ቀለም መወሰኑ ነው። ከሁሉ በፊት የመጣው የመሬቱ ውሳኔ ነው፤ መንገዱና ቧንቧው እንደ ጥላ ተከትለውታል።

የአገር ቤቱን ብናይ ነገሩ ያው ነው። የአዲስ አበባ ፋብሪካዎች፣ በተለይ ቆዳ ፋብሪካዎቹ፣ ትልቁንና ትንሹን አቃቂ ተከትለው የሰፈሩት ወንዙ ውሃም ስለሚሰጥ ቆሻሻም ስለሚወስድ ነው። ከሥር ያለው ገበሬ በዚያው ውሃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ያጠጣል፤ ተመራማሪዎች በአትክልቱ ውስጥ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። አትክልቱ ተመልሶ ከተማ ይገባል። ስለዚህ የፋብሪካው ቦታ ሲፈቀድ የተሰጠው ውሳኔ ገበያ ዞሮ፣ በድስት አልፎ ከሳህን ላይ ይደርሳል። በ2019 ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት የታሰበ ነው፤ ከቤርሼቫው መናፈሻ ጋር የሚመሳሰል ሐሳብ ነው፤ ፈተናውም ይመሳሰላል። ዳርቻው ሲያምር ወንዙ ውስጥ የሚገባው ካልተቆጠረ ሥራው በግማሽ ይቀራል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ መብት ሰጥቷል። ማኅበረሰቡ ማነው የሚለውን ግን አሁንም ካርታው ይወስነዋል፤ የአቃቂ ገበሬ ከላይ በጉለሌ በሚፈቀድ ነገር ላይ ማን ጠርቶ ይጠይቀዋል?

ሁለተኛው ተቃውሞ የጊዜና የገንዘብ ነው። ቤት ተፈላጊ ነው፤ ወጣቶች ኪራይ አስመርሯቸዋል፤ ለእያንዳንዱ ፕላን የወንዙን ምንጭና መድረሻ እናጥና ካልን ቤቱ መቼ ይሠራል? ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ማዘግየትም ዋጋ ያስከፍላል። ሆኖም አስቀድሞ መጠየቅ ሁልጊዜ የሚያስወጣ ይመስለናል እንጂ ስሌቱ በተገላቢጦሽ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። የኒው ዮርክ ከተማ በ1990ዎቹ አብዛኛውን የመጠጥ ውሃዋን የሚያጣራ ግዙፍ ጣቢያ እንድትሠራ ስትጠየቅ ግምቱ ከ6 እስከ 8 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ከተማዋ ሌላ መንገድ መረጠች። በ1997 ከላይ በካትስኪል ተራሮች ካሉ ትናንሽ መንደሮች ጋር ተዋውላ፣ ፈቃደኛ ከሆነ ባለመሬት ብቻ መሬት እየገዛች፣ የመንደሮቹን የፍሳሽ ማጣሪያና የገበሬዎቹን በረት በራሷ ገንዘብ እያሻሻለች ውሃውን ከምንጩ ጠበቀች። ወጪው ከጣቢያው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነበር። ውሉን የምወደው በርካሽነቱ ብቻ አይደለም፤ ከመስመሩ ውጭ ያለው ሰው ተጠርቶ፣ ተከራክሮ፣ ስለተጣለበት ገደብ ተከፍሎታል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይኼ ነው።

አሁን ወደ ሽኩና ሄና እንደ እሷ ወዳሉ የቆዩ ሰፈሮች እንመለስ። በ1991ዱ የሰሎሞን ዘመቻ ከኢትዮጵያ መጥተው በካራቫን የሰፈሩ ቤተሰቦች ከ1993 ጀምሮ በተሰጠ ልዩ የቤት ብድር ቤት ሲገዙ፣ ብዙዎች ዋጋው ረከስ ወዳለበት የቆየ ሰፈር ገቡ። ዛሬ ዕድሳት ወይም «ፒኑይ ቢኑይ» ሲባል፣ ማለትም አሮጌው ሕንፃ ፈርሶ በምትኩ ትልልቅ ሕንፃዎች ሲቆሙ፣ ጉዳዩ የሚነካቸው እንደ ተከራይ አይደለም፤ እንደ ባለቤት ነው። የቤርሼቫ መሬት ከቴል አቪቭ ይልቅ ርካሽ ነው። ርካሽ በመሆኑ ሥራ ተቋራጩ ወጪውን ለመመለስ በአንድ አሮጌ ቤት ምትክ ብዙ አዲስ ቤቶች መሸጥ አለበት፤ ሕንፃው ይረዝማል። ለባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ታስቦ በተቀበረ የፍሳሽ ቧንቧ ላይ ግንብ ይቆማል፤ አስፋልቱ ይሰፋል፤ ለመኪና ማቆሚያ ከመሬት በታች ሲቆፈር ዝናብ የሚሰርግበት አፈር ይጠፋል። እነዚህ ጉዳዮች ከፕላኑ ጋር በሚያያዙ አባሪዎች ውስጥ ይጻፋሉ፤ አንዱ የትራፊክ፣ አንዱ የዝናብ ጎርፍ፣ አንዱ የውሃና የፍሳሽ። ሰው ግን የሚያየው የአዲሱን ሳሎን ስዕል ነው። ቤት ውስጥም ሌላ የማይታይ መስመር አለ። የከተማዋ የውሃ ኮርፖሬሽን ሜይ ሼቫ ኃላፊነቱ እስከ ሕንፃው ዋና ቆጣሪ ድረስ ነው፤ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ቧንቧ የባለቤቶቹ ነው። ጠዋት ከቧንቧው ዝገት የመሰለ ውሃ ሲወርድ ኮርፖሬሽኑን መውቀስ ይቀናል። ውሃው እስከ ቆጣሪው ንጹሕ ሆኖ መጥቶ በአርባና በሃምሳ ዓመት የብረት ቱቦ ውስጥ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ጥያቄው ለቫዓድ ባይቱ፣ ማለትም ለሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ ነው።

ሦስተኛውን ተቃውሞ ሳልመልስ ባልፍ ቅር ይለኛል። «ነዋሪ ሲጠየቅ ሁልጊዜ ለራሱ ያደላል፤ ሌላው የትም ይሠራ እንጂ በእኔ ደጅ አይሁን ይላል» ይባላል። ይህ የሆነበት ቦታ ሞልቷል፤ የድሃ ልጅ ትምህርት ቤት እንዳይመጣብን ብለው የተቃወሙ ሰዎችም ታይተዋል። ለዚህ መልሱ ሰው እንዳይጠየቅ ማድረግ አይደለም፤ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያስቀምጥ ማስገደድ ነው፤ የእስራኤል ሕግም ያደረገው ይህንኑ ነው። በ1965ቱ ሕግ መሠረት ፕላን ለተቃውሞ ሲቀርብ 60 ቀን ይሰጣል። ሊቃወም የሚችለው በሰማያዊው መስመር ውስጥ ያለ ብቻ አይደለም፤ በመሬቱ ወይም በሕንፃው ጉዳይ አለኝ፣ ፕላኑም ይጎዳኛል የሚል ሁሉ ነው። ስለዚህ ከመስመሩ ማዶ ያለው ጎረቤትም ድምፅ አለው። ተቃውሞው ምክንያቱን ዘርዝሮ በጽሑፍ ይቀርባል፤ የተጠቀሰው ፍሬ ነገርም በመሐላ ቃል ይረጋገጣል። አብርሃምና አቤሜሌክ ተማምለው በተለያዩባት ከተማ መሐላ እንግዳ ነገር አይደለም።

የሚያስቸግረው ማስታወቂያው ነው። በጋዜጣ ይወጣል፣ በሰፈሩ ይለጠፋል፤ ቋንቋው ግን የቀያሾችና የጠበቆች ዕብራይስጥ ነው፤ እዚህ የተወለደ ልጅ እንኳ ሁለቴ ካላነበበው አይገባውም። ቡልዶዘሩ ሲመጣ የሚሰማው ጩኸት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል፤ በሕግ ዘንድ የመናገሪያው ጊዜ ያኔ ወረቀቱ ተለጥፎ ሳለ ነበር። በመንግሥት የከተማ ዕድሳት ባለሥልጣን ውስጥ የነዋሪዎችን አቤቱታ የሚቀበል ኃላፊ አለ፤ ለአረጋውያን ባለቤቶችም ሕጉ የተለየ አማራጭ እንዲቀርብላቸው ያዛል፤ እነዚህን የማያውቁ እማማና አባባ በየሕንፃው አሉ። ሥራ ተቋራጩ ቡና ጠጥቶ ከሄደ በኋላ ልጆች ከእናታቸው ጋር ተቀምጠው ሊያዩት የሚገባው አባሪዎቹን ነው። የጎርፉ አባሪ ውሃው ከግቢው ሲወጣ ወደ ማን ግቢ ይገባል ይላል? ቀዩ መንገድ ሲወጣ ትምህርት ቤቱ ከየትኛው ወገን ይቀራል? ከዋናው ቆጣሪ ወዲህ ያለውን አዲስ ቧንቧ፣ የማንሻ ፓምፑንና የጣሪያውን ታንክ ከአሥር ዓመት በኋላ ማን ይጠግናል፣ በወርስ ስንት ይመጣል? ሰማያዊው መስመር የት ላይ እንዳበቃና ከዚያ ወዲያ ያለው ቤት የማን እንደሆነም ይታይ፤ ያ ጎረቤት ስለ ፕላኑ ጨርሶ ሰምቶ ላይሆን ይችላል፤ የእሱም 60 ቀን እየተቆጠረ ነው።